በጨለማ የሚያበራ ቀለም በቤት ውስጥ አሠራር

ቤቴ ውስጥ ሌሊት ተነስቼ በዳበሳ የምፈልገው ነገር የለም። የማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ፣ የቁልፉ ቀዳዳ፣ የደረጃው ጠርዝ፣ የእጅ ባትሪው እጀታ፣ ሁሉም በጨለማ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ያበራሉ። ከመብራት መስመር ጋር አልተያያዙም። ባትሪ ድንጋይም አይፈልጉም። ቀን የጠጡትን ብርሃን ሌሊት ቀስ እያሉ ይመልሱታል።

ቀለሙን የምሠራው ራሴ ነኝ። ማዘጋጀቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ረጅሙ ጊዜ የሚሄደው እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው። ሆኖም ከሞከሩት ሰዎች ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ይተዉታል። «አምስት ደቂቃ አብርቶ ጠፋ» ይላሉ። ወይም ጭራሽ አላበራላቸውም። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። በኋላ የገባኝ፣ ቁልፉ ያለው ማማሰሉ ላይ አለመሆኑ ነው። ብርሃን ቀለሙ ውስጥ ወዳለው የሚያበራ ዱቄት እንዴት ይገባል? እንዴትስ ተመልሶ ይወጣል? ከዚህ በታች የምነግራችሁ እያንዳንዱ ነገር ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

መጀመሪያ የማይሆኑትን እንለይ

ይህን ከፊት ያስቀደምኩት ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አንደኛው የሃይላይተር ቀለም ነው። የእስክሪብቶውን ውስጥ አውጥተው ውሃ ውስጥ ይነክሩና «የሚያበራ ቀለም» ይሉታል። ያበራል፣ ግን አልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው ጨረር) መብራት እስከበራበት ድረስ ብቻ ነው። መብራቱን ስታጠፉ እሱም አብሮ ይጠፋል። ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል። ቶኒክ የሚባለው መጠጥ ውስጥ ያለው ኩዊኒንም በዚሁ መንገድ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ለግብዣና ለመድረክ ያምራል፤ ሌሊት ደረጃ ለማሳየት ግን አይረዳም። «ኒዮን» ወይም «ፍሎረሰንት» ተብለው የሚሸጡ ቀለሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው። እኛ የምንፈልገው ብርሃኑ ከሄደ በኋላም የሚያበራውን ነው። እሱ ፎስፎረሰንስ ይባላል። ለመለየት ቀላል ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ባትሪ አብሩበትና አጥፉ። ወዲያው ከጨለመ የምትፈልጉት እሱ አይደለም።

ሁለተኛው ተሰብሮ የሚያበራው የፕላስቲክ ዱላ ነው። ቆርጦ ፈሳሹን ከቀለም ጋር መቀላቀል የሚመክሩ አሉ። አታድርጉት። ውስጡ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ፤ ስትቆርጡት ስባሪው እጅ ይወጋል። ፈሳሹም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ደግሞም የሚያበራው ሁለት ኬሚካሎች ሲገናኙ በሚፈጠረው ለውጥ ነው። ለውጡ ሲያልቅ ብርሃኑም ያልቃል፤ ፀሐይ ላይ ብታሰጡት አይመለስም።

ለስላሳ መጠጥ ከቤኪንግ ሶዳና ከፐርኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ ሲያበራ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ማታለያ ናቸው። በዚህ ላይ አንድ ጠርሙስ እንኳ አታባክኑ።

የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው። የድሮ የእጅ ሰዓት ወይም የአውሮፕላን መሣሪያ ላይ ያለውን የሚያበራ ቀለም ፍቆ መጠቀም የሚያስብ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ይተው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የሰዓት ቁጥሮች የሚቀቡት ጎጂ ጨረር በሚያወጣው በራዲየም ነበር። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ራዲየም ኮርፖሬሽን ፋብሪካ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ይቀቡ ነበር። ጉዳት የለውም ተብለው ነበር። መንጋጋቸው በሰበሰ፤ ብዙዎቹ ሞቱ። ከእነሱ አምስቱ በ1927 ክስ መሥርተው በ1928 በስምምነት ካሳ አገኙ። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ፣ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የድሮው ሰዓት ዛሬ ማብራቱን ቢያቆምም መርዙ እንዳለ ነው። ያቆመው ራዲየሙ አልቆ ሳይሆን አብሮት የነበረው ዚንክ ሰልፋይድ ስለተጎዳ ነው።

ዱቄቱ

ብርሃን የሚያጠራቅም ነገር በቤት ውስጥ ከባዶ አይሠራም፤ በጣም ከፍተኛ ሙቀት ያለው ምድጃ ይፈልጋል። በ1603 ገደማ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ቪንቼንዞ ካሽያሮሎ የሚባል ጫማ ሰፊ ከአካባቢው ተራራ ያገኘውን ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር አቃጠለው። ወርቅ ይወጣዋል ብሎ ነበር። ወርቅ አልሆነም፤ ቀን ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጠው ግን ሌሊት ያበራ ጀመር። ድንጋዩ ባራይት የሚባል ማዕድን ነበር። ሰው በእጁ ሠርቶ ብርሃን ያጠራቀመበት ነገር ከዚያ ይጀምራል።

ዛሬ ገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ዱቄት አለ። አሮጌው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፤ ጥቂት መዳብ ይጨመርበታል። ርካሽ ነው፤ የልጆች መጫወቻ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሰዓት ሳይሞላ ይደክማል። አዲሱ ስትሮንቲየም አሉሚኔት ነው። ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የተባሉ ሁለት ብርቅ ንጥረ ነገሮች በትንሹ ይገቡበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ነሞቶ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ነው። ከዚንክ ሰልፋይዱ አሥር እጥፍ ገደማ ይደምቃል፣ በጊዜም ያን ያህል ይረዝማል። «አምስት ደቂቃ አብርቶ ጠፋ» የሚሉት አብዛኞቹ ሰዎች አሮጌውን ገዝተው ነው። መለያው ላይ «ስትሮንቲየም አሉሚኔት» ካልተጻፈ አትግዙ።

ስሙ ያስደነገጣችሁ ካላችሁ፣ ይህ ስትሮንቲየም ተራውና ጨረር የማያወጣው ነው። ከኒውክሌር ፍንዳታ የሚወጣው ሌላ ነው። ፎስፎረስም የለበትም፤ ፎስፎረሰንስ ከሚለው ጋር ቃሉ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ክሪስታሉን ሲመታ ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሳሉ። ጥቂቶቹ ሲመለሱ መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። የክፍሉ ሙቀት አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣቸዋል። እያንዳንዱ ሲወጣና ወደ ቦታው ሲመለስ ትንሽ ብርሃን ይሰጣል። የሙቀቱን ነገር በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተቀባ ካርቶን ብርሃን አጠጡና ጨለማ ውስጥ ግማሹን ትኩስ ውሃ የያዘ ኩባያ ላይ አስጠጉት። ያ ግማሽ ወዲያው ይደምቃል፣ ቀድሞም ይጨርሳል። ልጆች ካሉ ይህን ሳታሳዩአቸው አትለፉ።

ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ።

ቀለሙ። አረንጓዴው ከሁሉም ይደምቃል፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 520 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ወደ ሰማያዊ የሚያደላው አረንጓዴ ሲሆን 490 አካባቢ ነው። በጨለማ የሚያየው የዓይናችን ክፍል ይበልጥ የሚነቃው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ ሁለቱም ለዓይን ይመቻሉ። ሐምራዊውና ጠቆር ያለው ሰማያዊ ደከም ይላሉ። ቀይና ብርቱካናማ ከሌላ ነገር የሚሠሩ ናቸው፤ ቶሎ ይጠፋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አረንጓዴውን ውሰዱ።

የቅንጣቱ መጠን። ትልቅ ቅንጣት የበለጠ ያበራል፣ ግን ሲቀባ አሸዋ አሸዋ ይላል። ደቃቁ ለስላሳ ነው፣ ግን ይደክማል። ለብሩሽ ከ15 እስከ 35 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ያለው ጥሩ መሃከለኛ ነው። ሻካራውን ገዝቶ በሙቀጫ ማድቀቅ አይቻልም። ክሪስታሉ ሲሰበር ብርሃን የመያዝ አቅሙ አብሮ ይሰበራል።

ሦስተኛው ሽፋን ነው፤ እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ስትሮንቲየም አሉሚኔት ውሃ አይወድም። ውሃ ሲነካው ቀስ በቀስ ይበላሻል። የመጀመሪያውን ቀለሜን ውሃ ባለው ማዋሃጃ (ዱቄቱን በሚይዘው ፈሳሽ) ሠርቼ፣ ከድኜ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን ስከፍተው እንደ ጭቃ ጓጉሏል። የተረፈውን ብቀባውም አላበራም። ከዚያ ነው ዱቄቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን የተማርኩት፤ እርቃኑን ያለና ውሃ እንዳይነካው በሽፋን የታሸገ። ውሃ ላለው አክሪሊክ (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ለሚሆነው ማዋሃጃ) የታሸገው ብቻ ነው የሚሆነው። እርቃኑ በቲነር ለሚቀጥን ቫርኒሽና ለኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ለሚጠነክረው ሙጫ) ይሆናል።

ማዋሃጃው

ዱቄቱን የሚይዘው ነገር እንደ መስታወት ጥርት ያለ መሆን አለበት። ተራ የግድግዳ ቀለም ውስጥ ዱቄቱን መጨመር ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ነጭ ቀለም ነጭ የሆነው ብርሃን ስለሚመልስ ነው። ዱቄታችሁ ነጩ ውስጥ ይቀበራል፤ ብርሃን አይደርሰውም፣ ያለው ብርሃንም አይወጣም።

ለጀማሪ የምመክረው ጥርት ያለ፣ የሚያብረቀርቅ የአክሪሊክ ማዋሃጃ ነው። ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት ወፍራሙ ጄል ደግሞ ከሁሉም ይመቸኛል። ዱቄቱ ከባድ ነው። ክብደቱ ከውሃ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ወዲያው ይዘቅጣል፤ ወፍራሙ ግን አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ማዋሃጃው ገና በዕቃው ሳለ ነጭ ወተት ቢመስል አትጨነቁ፤ ሲደርቅ ይጠራል።

በቲነር የሚቀጥን ቫርኒሽም ጥሩ ነው፣ ውጭ ላለ ዕቃ ይጠነክራል። ሁለት ነገር ግን ተመልከቱ። ወደ ቢጫ የሚያደላ የዘይት ቫርኒሽ ሰማያዊውን ብርሃን ይበላል፤ ዱቄቱ ደግሞ የሚሞላው በሰማያዊና በአልትራቫዮሌት ነው። ከፀሐይ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠው የውጭ ቫርኒሽ ደግሞ አልትራቫዮሌቱን አጣርቶ ያስቀራል። ለእንጨት መልካም ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን በር እንደ መዝጋት ነው።

ዕቃው

የተለየ ነገር አያስፈልግም። ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ወይም የመስታወት ዕቃ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ደብዛዛ ነጭ ቀለም፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጠርዝ የሚይዝ የወረቀት ፕላስተር፣ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ ማስክ። የብረት ማንኪያ አትጠቀሙ። ዱቄቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ብረቱን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ብረትም ቀለሙን ግራጫ ያደርገዋል።

ማስኩን እንደ ጌጥ አትዩት። ዱቄቱ መርዛማ ነው ተብሎ አይፈራም፣ ግን ደቃቅና ጠንካራ ብናኝ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ቦታ የለውም። ቬንትሌተር አጥፉ። የምግብ ዕቃ አትጠቀሙ፤ ከተጠቀማችሁም ወደ ማድ ቤት አትመልሱት።

መቀላቀል

መጠኑን በክብደት ያዙ፤ አንድ እጅ ዱቄት ለሦስት እጅ ማዋሃጃ። ለመጀመሪያ 30 ግራም ዱቄትና 90 ግራም ማዋሃጃ ይበቃል። ይህ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታን በሦስት ዙር ቅብ ይሸፍናል። ሚዛን የሌለው በማንኪያ ቢሰፍር አንድ ማንኪያ ዱቄት ለአራት ማንኪያ ማዋሃጃ ገደማ ይመጣለታል።

መጀመሪያ ማስኩን አድርጉ። ማዋሃጃውን ዕቃው ውስጥ ጨምሩ። ዱቄቱን ከላይ በትንሽ በትንሹ ነስንሱበት፤ በአንድ ጊዜ አትድፉት፣ ይጓጉላል። ከነሰነሳችሁ በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተዉት፤ ራሱ ርሶ ይሰምጣል። ከዚያ በእንጨቱ ቀስ እያላችሁ አማስሉ። በኃይል መምታት አረፋ ያመጣል፣ አረፋው ሲደርቅ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። እንጨቱን በዕቃው ሥር አስነክታችሁ ጎትቱ፤ የከበደው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ውፍረቱ ወፈር ያለ እርጎ ሲመስል ደርሷል።

ከወፈረባችሁ በውሃ አታቅጥኑ። ያንኑ ማዋሃጃ ጥቂት ጨምሩ። ከቀጠነባችሁ ደግሞ ዱቄት መጨመር ይቻላል፤ ከግማሽ ለግማሽ ግን አይለፍ። ከዚያ በላይ የሆነ ቀለም ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ በጥፍር ይፈረፈራል።

ቀን ላይም ቀለም እንዲኖረው ብለው ሌላ ማቅለሚያ የሚጨምሩ አሉ። የምትጨምሩት እያንዳንዱ ጠብታ ብርሃን ይወስዳል። ጥቁር ከሆነ አንድ ጠብታ ራሱ ብዙ ነው። ቀን ላይ ፈዛዛ ቢጫ አረንጓዴ መልኩን ብትቀበሉት ይሻላል። ሥዕል ከሆነም ሥዕሉን በተራ ቀለም ሠርታችሁ የሚያበራውን በፈለጋችሁበት ቦታ ብቻ ከላይ ደርቡ።

የቀላቀላችሁትን በዚያው ቀን ጨርሱት። የታሸገው ዱቄትም ቢሆን ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጥ ዘንድ አልተሠራም።

መቀባት

ከመቀባት በፊት ትንሽ ነጭ ካርቶን ላይ ሞክሩ። ይደርቅ፣ ብርሃን ይጠጣ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ እዩት። ዱቄቱ የማይረባ ከሆነ ግድግዳው ሳይበላሽ እዚህ ላይ ይታወቃል።

የሚቀባውን ነገር አጽዱ። ቅባት ካለው በሳሙና እጠቡና አድርቁ። ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም ብረት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ተልጦ ይነሳል። የማብሪያ ማጥፊያ ከሆነ ሽፋኑን ብቻ ፈታችሁ ቀቡ፤ ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ቆጣሪው ላይ መብራት አጥፉ።

ከዚያ ነጩን ቀለም ቀቡ። ይህን እርምጃ ለመዝለል የሚቸኩል ሰው ብዙ ነው። ጠቆር ያለ እንጨት ላይ በቀጥታ የቀባሁት የበር እጀታ ነበረኝ፤ ከጎኑ ነጭ መሠረት ላይ የቀባሁት ሌላ። ዱቄቱ አንድ፣ ቀኑ አንድ። ማታ ላይ የጠቆረው አለ ለማለት ያህል ብቻ ነበር የሚታየው። ዱቄቱ ብርሃኑን የሚረጨው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው። ወደ ኋላ የሄደውን ነጩ ይመልሰዋል፤ ጥቁሩ ይውጠዋል። ቀን ላይ ሲሞላም እንዲሁ፣ አልፎ የሄደው ብርሃን ከነጩ ተመልሶ ዱቄቱን ሁለተኛ ያገኘዋል።

ነጩ በደንብ ከደረቀ በኋላ የሚያበራውን አንድ እጅ ቀቡ። ብሩሹን ወዲያና ወዲህ አታሻሹት። ጭናችሁ አሳርፉት፣ አንድ ጊዜ ጎትቱት፣ ተዉት። በተደጋጋሚ ሲሻሽ ዱቄቱ ወደ ዳር ይሸሻል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። ብሩሹን በነከራችሁ ቁጥር ዕቃውን ከሥሩ አማስሉ። ይህን የረሳ ሰው መጀመሪያ ላይ ጥርት ያለውን ማዋሃጃ ብቻ ይቀባል፤ ዱቄቱ በሙሉ ሥር ቀርቶ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያው ሲደርቅ ይቀጥላል። አክሪሊክ ሲሆን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ልስጠው ብትሉ አይበዛም። አቅጣጫውን ቀይሩ፤ የመጀመሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ከነበረ ይሄኛው ወደ ጎን ይሁን። ሦስተኛውን እጅም አትተዉ። አንድ እጅ ብቻ ቀብተው «አይሠራም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በጨለማ ረጅም የሚያበራው ውፍረቱ ነው፣ ብዙ ዱቄት ብዙ ብርሃን ይይዛልና። ግን በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት መንገዱ አይደለም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀራል፣ ይሸበሸባል።

ጠርዙን የያዘውን ፕላስተር የመጨረሻው እጅ ገና ርጥብ ሳለ አንሱት። በመጨረሻ ዱቄት የሌለበት ጥርት ያለ ቫርኒሽ አንድ እጅ ከላይ ደርቡበት። እጅ የሚነካውና ጫማ የሚረግጠው ቦታ ያለ እሱ ዕድሜ የለውም። የደረጃ ጠርዝ ላይ ከሆነ የማያንሸራትተውን ዓይነት ቫርኒሽ ምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል።

ብርሃን ማጠጣት

ደረቀ። አሁን ይራባል። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ወይም ደጅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ከሞላ ሰዓታት ብታቆዩት የሚጨምረው ነገር የለም። ነጭ የኤልኢዲ መብራት ያለበት ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ካላችሁ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ይሞላል፤ ባትሪውን ግን ወደ ዓይን አታዙሩት። ቢጫ የሚያደላ የድሮ አምፑል ደካማ ነው። ቀይ መብራት ምንም አያደርግለትም።

መብራት እንደጠፋ ድምቀቱ በፍጥነት ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛውን ያጣል። ይህን አይቶ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አለ። ግን ከዚያ በኋላ ዝግ ብሎ ለሰዓታት ይቆያል። ዓይናችን ደግሞ በተቃራኒው እየሰላ ይሄዳል። ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። ደብዝዟል ያላችሁት ነገር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስትነቁ ጥርት ብሎ ይታያችኋል። ሲደክም ደግሞ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ጎኑን እዩት። የዓይናችን መሃል ለደማቅ ብርሃን የተሠራ ነው፤ ደብዛዛውን የሚያየው ዳርና ዳሩ ነው።

የት የት ይቀባ?

ትንሽ ነገር ላይ ጀምሩ። የቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ፣ የመድኃኒት ሣጥን ክዳን፣ የእሳት ማጥፊያ እጀታ፣ የድንኳን ካስማ። ቦታው በቀን ብርሃን የሚያገኝ መሆኑን አረጋግጡ። ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም መስኮት የሌለው ኮሪደር ላይ የተቀባ ቀለም የሚጠጣው ነገር ስለሌለው ማታ የሚሰጠውም የለውም።

እኔ ከሁሉም የምወደው የጣሪያ ኮከብ ነው። ሙሉ ጣሪያ መቀባት አያስፈልግም። ጣሪያው ነጭ ከሆነ መሠረቱ አለላችሁ ማለት ነው። ቀለሙን ለዚህ ወፈር አድርጋችሁ በስቴኪኒ ጫፍ ነጠብጣብ አስቀምጡ። ነጠብጣቦቹ አንድ መጠን አይሁኑ። ብዙዎቹ በጣም ትንንሽ፣ ጥቂቶቹ ደመቅ ያሉ። የእውነተኛውን ሰማይ ካርታ ብትከተሉ ደግሞ ልጆች ሳያውቁት ኦሪዮንን ይማሩበታል፤ ሦስቱ የመቀነት ኮከቦች በአንድ መስመር፣ ሁለት ደማቆች ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቀን ላይ ጣሪያው ላይ ምንም አይታይም። ማታ መብራት ሲጠፋ የልጅ ፊት ማየት ነው። ነጠብጣቡ ወፍራም ስለሆነ ከአንድ ቀን በላይ ተዉት፣ ውስጡ ይድረቅ።

ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ዱቄቱን እናንተ ቀላቅሉ፣ እነሱ ሲቀባ ይግቡ። ጥርት ያለ የትምህርት ቤት ሙጫ እንደ ማዋሃጃ ይሆናል፤ ወረቀትና ካርቶን ላይ በደንብ ይይዛል። ውሃ ሲነካው ስለሚለቅ ውጭ አይሆንም። ሕፃን አፉ ውስጥ የሚያስገባው መጫወቻ፣ የኩባያ አፍ፣ ማንኪያና ሳህን ላይ አትቀቡ። ፊትና ቆዳ ላይም እንዲሁ፤ ለዚያ ተብለው የተሠሩ ሌሎች ቀለሞች አሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሰው የሚሰበሰብበት ሕንፃ ውስጥ ያለ የአደጋ መውጫ ምልክት በቤት በተሠራ ቀለም አይተካም። እነዚያ ምልክቶች ድምቀታቸው ከስንት ደቂቃ በኋላ ስንት መሆን እንዳለበት ተለክተው ነው የሚሠሩት። የእኛ ቀለም ለቤታችን ነው።

ካልሆነላችሁ

ቶሎ ከጠፋ ዱቄቱ ዚንክ ሰልፋይድ ነው፣ ወይም ንብርብሩ ስስ ነው። አንድ ተጨማሪ እጅ ቀብታችሁ ካልተለወጠ ዱቄቱን ጠርጥሩ። አንዱ ጋ ደምቆ አንዱ ጋ ከደከመ ሳታማስሉ ቀብታችኋል። ግራጫ ከሆነ ብረት ነክቶታል ወይም ውሃ ገብቶበታል። ወራት ቆይቶ ውጭ ያለው ከደከመ ከላይ ያለውን ቫርኒሽ እዩ፤ ከተሰነጠቀ ዝናቡ እየገባ ነው። አሸት አድርጋችሁ እንደገና ደርቡበት።

የተረፈውን ደረቅ ዱቄት አየር በማያስገባ ማሰሮ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ጨለማ ይሁን ብርሃን ለውጥ የለውም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። በደንብ የተዘጋ ዱቄት ለዓመታት አይበላሽም። ማሰሮው ላይ የዱቄቱን ስም፣ ለውሃ የሚሆን መሆን አለመሆኑንና የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ። ብሩሹን ቀለሙ ሳይደርቅበት እጠቡት። የመጀመሪያውን እጣቢ ግን ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ዱቄቱ ከባድ ስለሆነ ቧንቧው ውስጥ ይዘቅጣል። በባልዲ አቆዩት፣ ዱቄቱ ሥር ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ውሃ አፍስሱና ዝቃጩን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት።